የራስን ዳቦ ይዞ መውጣት

የእኔን ቢሮ ከሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ቢሮ የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ነበር። እሳቸው ሲያስሉ እኔ ጋ ይሰማል። እኔ የጽሕፈት መኪናዬን ስቀጠቅጥ እሳቸው ግድግዳውን በእርሳስ ጀርባ ይመቱታል፤ «ቀስ በይ» ማለታቸው ነው። ለረጅም ጊዜ በመካከላችን የነበረው ንግግር ከዚህ ብዙም አያልፍም ነበር።

ፋብሪካው ኮምቦልቻ ነው፤ ብርድ ልብስ ያመርታል። ዘመኑ የደርግ ስለሆነ ባለቤቱ መንግሥት ነው። እኔ ገና ሠላሳ ያልሞላኝ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ይባል እንጂ ከሥሬ ማንም የለም። ክፍሉ ማለት እኔ፣ አንድ ካሜራ፣ በር ላይ የቆመ የማስታወቂያ ሰሌዳና በምግብ ሰዓት የምናገርበት ድምፅ ማጉያ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ከደሴ በፋብሪካው ሰርቪስ እወርዳለሁ። ደሴ ላይ ካፖርቴን ቆልፌ እሳፈራለሁ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ካፖርቱ ክንዴ ላይ ነው።

እሳቸው ኮምቦልቻ አቅራቢያ ያለችው የደጋን ከተማ ሰው ናቸው። በዕድሜ ከአባቴ ይበልጣሉ። ዙሁርን ሳይሰግዱ ምሳ አይቀምሱም፤ መስገጃቸውን ግን ማንም አይቶት አያውቅም፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ከጥቅል ብርድ ልብሶች ጀርባ ይሰግዱ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ ደግሞ የጴንጤ ልጅ ነኝ። ደሴ ያለው የጸሎት ቤታችን ታሽጎ፣ በየቤቱ በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። ሁለታችንም ጠዋት በበሩ ስንገባ ፈጣሪያችንን ከልብሳችን ሥር ደብቀን ነበር የምንገባው። ይህ እንኳ አላቀራረበንም። እሳቸው እኔን ግድግዳ አሳማሪ አድርገው ያዩኛል፤ እኔ እሳቸውን አለንጋ አድርጌ አያቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ የሽመና ክፍል ሠራተኛ የሆነች ሴት «የወሩ ኮከብ ሠራተኛ» ብዬ ፎቶዋን ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ። እሳቸው ደግሞ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ለዚያችው ሴት ስለማርፈዷ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ አስለጠፉ። ሠራተኛው ሰሌዳው ሥር ተሰብስቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

«ስሚ ልጄ» አሉኝ፤ «አንቺ ታሞግሻለሽ፣ እኔ እቀጣለሁ። ሴትየዋ ግን አንድ ናት። ከመለጠፍሽ በፊት ግድግዳውን መታ ብታደርጊው ምን ነበረበት?»

«እርስዎስ ቢመቱት ኖሮ?»

«እኔማ ስመታ ነው የኖርኩት» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። የወሎ ሰው ዓመቱን መጥራት አያስፈልገውም፤ «ያኔ» ሲል ይበቃል። ሰርቪሳችን ከደሴ ሲወርድ፣ ከኩታበር በኩልና ከዚያም ወዲያ የመጡ ሰዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው እናያለን። መጀመሪያ ሰሞን አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ያዝናል፣ ይመርቃል፣ ይነጋገራል። በኋላ ጸጥ አለ። አንዳንዱ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ ይመስላል። አልተኛም፤ እኔም እንደዚያ አድርጌ አውቃለሁ።

ከበላይ የመጣልኝ ትእዛዝ አጭር ነበር። በድምፅ ማጉያው «ድርቅ» ማለት ይቻላል፤ «ረሃብ» ማለት አይቻልም። ትእዛዙን ያደረሰኝ የፋብሪካችን ካድሬ ምክንያቱን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም፤ ግልጽ ነበር። ድርቅ የሰማይ ጉዳይ ነው። ረሃብ ሲባል ግን የሰማ ሁሉ «ማን አስራባቸው?» ማለቱ አይቀርም።

ብዙም ሳይቆይ ሰዎቹ ከመንገድ ዳር ወደ ፋብሪካው አጥር ተጠጉ። በከንቱ አልነበረም የተጠጉት፤ የሠራተኛው ዘመዶች ነበሩ። የአንዱ አክስት፣ የሌላው አባት፣ የአንዷ የወንድም ልጆች። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ዘመድ አለን ብለው ነው የመጡት። በየፈረቃው ለሠራተኛ ከሻይና ከምስር ጋር አንድ አንድ ዳቦ ይታደል ነበር። ሠራተኛው ምስሩን ይበላል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ዳቦውን ከቱታው ሥር ይደብቃል። ከፈረቃ ሲወጣ አጥሩን ዞሮ ይሰጣል።

ደንቡ ደግሞ ዳቦው እዚያው ይበላ ይላል። ለአንድ ሰሞን ጥበቃዎቹም አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። ነገሩ የከረረው አንዲት የፈትል ክፍል ልጅ ዳቦዋን ሳትቀምስ ቆማ ስትሠራ ራሷን ስታ የወደቀች ቀን ነው። ወደ ማሽኑ ሳይሆን ወደ ኋላ ነው የወደቀችው፤ ተረፈች። በማግሥቱ በሩ ላይ ፍተሻው ተጠናከረ፤ ዳቦ ይዘው ሲወጡ የተያዙትም በመስመር ተደርድረው ቆሙ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንን አስጠራን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ሰው ነበር። እኔ ከሁለቱ ፈሪውን እፈራለሁ። ክፉ ሰው የልቡን ሲያደርስ ይተዋል፤ ፈሪ ግን መቼም አይበቃውም።

«እንግዶች ይመጣሉ» አለ። «ከክፍለ ሀገሩ ብቻ አይደለም፤ ከአዲስ አበባም ጭምር። የሬዲዮ ሰው ይዘው ነው የሚመጡት። እነዚህ ትናንት የተያዙት ከዚያ በፊት ከፋብሪካው ይውጡልኝ። እርስዎ ስንብታቸውን ይጨርሱ።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ፎቷቸውን አንሥተሽ ሰሌዳው ላይ ለጥፊ። ‹የሕዝብ ሀብት ዘራፊዎች› በይ። በድምፅ ማጉያውም ይነገር፤ ሌላው ይማርበታል።»

«ዳቦው እኮ የራሳቸው ነው» አልኩ።

«ሲበሉት የራሳቸው ነው። ይዘውት ሲወጡ የፋብሪካው ነው። የተሰጣቸው ጉልበት እንዲሆናቸው ነው። ያቺ ልጅ ማሽን ላይ ብትወድቅ ኖሮ ማን ነበር የሚጠየቀው?»

ይህ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። ለዚህም ነው ወዲያው መልስ ያጣሁት። እሱ ዝምታዬን እሺታ አደረገው መሰለኝ፣ ድምፁን አለስልሶ ቀጠለ።

«እስከ ዛሬ አንዳችሁ የሠራችሁትን አንዳችሁ ስታፈርሱ ነው የኖራችሁት። አሁን ይብቃ። የሠራተኛ አስተዳደርና የሕዝብ ግንኙነት ተባብሮ መሥራት አለበት። እርስዎ ሲያሰናብቱ እሷ ለምን እንደተሰናበቱ ለሠራተኛው ታስረዳለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባል የለ?»

የቢሮ ጎረቤቴ ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ።

ካሜራዬን ይዤ ወደ ፈትል ክፍል ሄድኩ። ከተያዙት አንዷ የኩታበር ሴት ነበረች፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። እናቷና የሟች ወንድሟ ልጆች አጥሩ ሥር እንደሚገኙ ሁሉም ያውቃል። ስታየኝ ሥራዋን አቆመች።

«ፎቶ ልታነሺኝ ነው?»

«ታዝዤ ነው» አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

ሻሿን አስተካክላ አሰረች። ፊቷ ላይ የተበተነውን የፈትል ብናኝ በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አንሺኝ» አለች። «አንገቴን ግን አልደፋም። የሰረቀ ነው አንገቱን የሚደፋ።»

ካሜራውን ወደ ዓይኔ አደረስኩት፤ ቁልፉን ሳልጫን አወረድኩት። ሌሎቹም ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር። ተመልሼ ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

የጽሕፈት መኪናዬ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ግድግዳው ሳይመታ በሩ ተከፈተ። ጎረቤቴ ገብተው፣ አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ቢሮ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ለጠፍሽ?» አሉ።

«አልለጠፍኩም። እርስዎስ ጻፉ?»

«አልጻፍኩም።» ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «እኔ ስቀጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚያረፍድ አለ፣ እቀጣለሁ። ጠጥቶ የሚመጣ አለ፣ እቀጣለሁ። ይህን ሳደርግ ሰው ቢጠላኝም ከአላህ ጋር ተኳርፌ አላውቅም። የራሷን ጉርሻ ለእናቷ የሰጠችን ሴት ቀጥቼ ግን፣ ወላሂ፣ በምን ፊቴ ነው የምሰግደው?»

«እምቢ እንበላ።»

«እምቢ ካልን ነገ እኔ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ እሱ ይጽፋል። አንቺም ወንበር ላይ ሌላዋ ትቀመጣለች፤ እሷ ትለጥፋለች። ሴቶቹ ያው መባረራቸው ነው። እኛ ንጹሕ እንሆናለን፣ እነሱ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። እኔ እንዲህ ያለ ንጽሕና አልፈልግም።»

እውነታቸውን ነበር። ከአጥሩ በኩል የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፤ ለቅሶውን ለምደነው ኖሮ ያን ቀን ነው እንደ አዲስ የሰማሁት።

«ጋሼ» አልኩ፤ እንዲህ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም ነበር፤ «ነገሩ ሌብነት የመሰለው ዳቦውን ደብቀው ስለሚያወጡት ነው። በአደባባይ ይዘውት ቢወጡስ?»

«ፈታሾቹ ይይዟቸዋላ።»

«እንግዶቹ ባሉበት ቢሆንስ? እኔ በድምፅ ማጉያው ‹ሠራተኛው ከዳቦው ቆርሶ ለወገኑ ሊሰጥ ወስኗል፤ የፋብሪካው አስተዳደርም በሩን ከፍቷል› ብልስ? ሥራ አስኪያጁ በእንግዶች ፊት አልከፈትኩም ሊል ነው?»

ትከሻቸው መነቃነቅ ጀመረ፤ ድምፅ ሳያሰሙ እየሳቁ ነበር።

«አንቺ ብቻሽን ብትናገሪ ውሸታም ይሉሻል» አሉ። «እኔ ብቻዬን ሠራተኛውን ባሰልፍ አድመኛ ይሉኛል። አንቺ እየተናገርሽ እኔ ካሰለፍኩ ግን፣ ፕሮግራም ነው።»

ቀጥለው እኔ ያላሰብኩትን አሰቡ። እያንዳንዷ ሙሉ ዳቦዋን ከሰጠች ነገም ማሽን ላይ የምትወድቅ አትጠፋም፤ ሥራ አስኪያጁም ያኔ እውነት ይኖረዋል። ስለዚህ ዘመድ ያለውም የሌለውም፣ ሁሉም ሠራተኛ ከዳቦው ግማሹን በልቶ ግማሹን ይቆርሳል። ሸክሙ በሁሉም ትከሻ ላይ ሲወድቅ ማንንም አይጥልም። ይህን ለሠራተኛው ማስረዳት የእሳቸው ድርሻ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከክፍል ክፍል እየዞሩ፣ የሥራ ሰዓት የሚቆጣጠሩ መስለው፣ በእያንዳንዱ ማሽን አጠገብ ጥቂት እየቆሙ ያንሾካሹኩ ነበር። ሰው ይፈራቸው ስለነበር መጀመሪያ ወጥመድ መሰለው። አንድ የሽመና ክፍል ጎልማሳ «እኛን ሊያስይዙን ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ከተያዝክ እኔ ከፊትህ ነኝ፤ አብሽር» እንዳሉት ራሱ ነግሮኛል። «አብሽር» ሲሉ ሰምቷቸው የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ አመናቸው።

እስከ እንግዶቹ መምጫ ድረስ ጊዜ መግዛት ነበረብን። ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን ሲጠይቀኝ የማጠቢያው ኬሚካል እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው አልኩት። ጎረቤቴን ስለ ስንብቱ ሲጠይቃቸው፣ የተባረረ ሰው በር ላይ ቆሞ ለእንግዳ እንባውን ያሳያል፣ ከጉብኝቱ በኋላ ቢሆን ይሻላል አሉት። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲል «ትክክል ናቸው፤ በሕዝብ ግንኙነት በኩልም አደጋ አለው» አልኩ። በጣም ተደሰተ። ተባብረን መሥራት በመጀመራችን አመሰገነን።

እንግዶቹ የመጡት ረፋድ ላይ ነው። ሰማያዊ ካኪ የለበሱ ሰዎች፣ ጥቂት ጠባቂዎችና መቅረጫውን ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነበሩ። ማሽኖቹን ጎበኙ፣ ብርድ ልብሱን በእጃቸው ዳበሱ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ወደ መመገቢያው አዳራሽ ገቡ። ጎረቤቴ ሠራተኛውን ከወትሮው በተለየ ሁኔታ አስቀምጠው ነበር፤ ሊባረሩ የነበሩት ሴቶች ከፊት፣ ለእንግዶቹ በሚታይ ቦታ። ሥራ አስኪያጁ ሲያያቸው ቀለሙ ተለወጠ፤ ለመናገር ግን ጊዜ አልነበረውም፤ እኔ ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ነበር።

የጻፍኩት ወረቀት ላይ «በድርቅ ለተጎዱ ወገኖች» ይላል። ማንበብ ጀመርኩ። የፋብሪካው ሠራተኛ ከዕለት ምግቡ ቆርሶ በአጥሩ ዙሪያ ለተጠለሉ ወገኖቹ ሊያካፍል መወሰኑን፣ አስተዳደሩም ይህን በጎ ሐሳብ ተቀብሎ በሩን መክፈቱን ተናገርኩ። ቀና ስል የኩታበሯን ሴት አየኋት። ዳቦዋን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን እንደ ችቦ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ወገኖቻችን ተርበዋል» አልኩ። «ከዚህ አጥር ወዲያ ሰው በረሃብ እየሞተ ነው። ዳቦው ለእነሱ ነው።»

የራሴ ድምፅ ከግቢው ማጉያዎች ዞሮ ሲመለስልኝ ሰማሁት። ከደሴ ኮምቦልቻ በወረድኩባቸው በእነዚያ ቀኖች ሁሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሣልኝ። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ፍርሃቱ ነበር፣ ደስታውም ነበር።

ጋዜጠኛው፣ ምን እንደተባለ ሳይገባው ይሁን በደንብ ገብቶት፣ መቅረጫውን ወደ ኩታበሯ ሴት አስጠጋ።

«ይህን በጎ ተግባር ማን አስጀመራችሁ?»

«እናቴ ናት ያስጀመረችኝ» አለች። «እዚያ አጥሩ ሥር ተኝታለች። ከፈለጋችሁ ኑና እዩዋት።»

የእንግዶቹ አለቃ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ነበር። ሴትየዋን አየ፣ ዳቦውን አየ፣ ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። ያዘነ ይሁን የተናደደ ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም።

«በሩ ተከፍቷል ነው የተባለው?» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። «አዎ ጓድ። ተከፍቷል። ወደፊትም አጠናክረን እንቀጥልበታለን።»

«ጥሩ ነው» አለና ወደ ምግቡ ዞረ።

ጎረቤቴ ሌላ ቃል አልጠበቁም። እጃቸውን ከፍ አድርገው ለጥበቃው ምልክት ሰጡ፤ በሩ ተከፈተ። የፈረቃው ሠራተኛ ግማሽ ግማሽ ዳቦውን በግልጽ ይዞ፣ በፈታሾቹ ፊት አለፈ። የሮጠ የለም። አንዲት ፈታሽ የራሷን ቁራሽ ከኪሷ አውጥታ ተከተለቻቸው።

በሬዲዮ ሲተላለፍ ሰማሁት። ረሃብ ያልኩት ተቆርጧል፤ የሴትየዋም ድምፅ የለም። የተረፈው «አብዮታዊ የሠራተኛ ትብብር» የሚለው ብቻ ነው። ግድ አልሰጠኝም። ቃሉን ከሬዲዮው ቆረጡት፤ ዳቦውን ግን ከበሩ መልሰው ማስገባት አልቻሉም። መንግሥት በሬዲዮ ያመሰገነውን ሥራ ማን ደፍሮ ይከለክላል? በየፈረቃው ቁራሹ ይወጣ ነበር፤ ከተያዙት ሴቶችም አንዷም አልተባረረችም።

የእኔ ነገር ግን ገና ነበር። በሳምንቱ ከሥራ በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ለሂስና ግለ ሂስ አዳራሽ ተጠራ። መድረኩ ላይ ካድሬው ተቀምጧል፤ ከእኔ የሚያንስ ወጣት፣ ንግግሩ የሰላ። እንድቆም አዘዘኝ።

«ያን ቃል እንድትናገሪ ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም አልፈቀደልኝም።»

«አትበይ ተብለሽ አልነበረም?»

«ተብያለሁ።»

«እንግዲያው ስሕተትሽን በጓዶችሽ ፊት ተቀበይ። ግለ ሂስ አድርጊና ጉዳዩ እዚህ ያልቃል።»

መውጫ በር ነበር የሰጠኝ። ብዙ ሰው በዚያ በር ወጥቷል፤ አልፈርድባቸውም። «ተሳስቻለሁ» ማለት ሁለት ትንፋሽ አይፈጅም። አባቴ ጠዋት ከቤት ስወጣ «ልጄ፣ እባክሽ አንገትሽን ዝቅ አድርገሽ እለፊ» ብሎኝ ነበር። የአባቴም ፊት ዓይኔ ላይ አለ። ግን ከፊቴ የተቀመጡት እነዚያ ሴቶች ናቸው፤ እነሱ አንገታቸውን ሳይደፉ እኔ ልድፋ?

«ተርበዋል ያልኩት ተርበው ስላየኋቸው ነው» አልኩ። «ጠግበው ያየኋቸው ቀን ጠግበዋል እላለሁ። ስሕተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ከነገራችሁኝ እቀበላለሁ።»

ካድሬው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «እምነትሽም የሚታወቅ ነው። የመጤ ሃይማኖት ተከታይ እንደሆንሽ መረጃ አለን።»

«ደብቄው አላውቅም» ልል ነበር፤ ውሸት ይሆናል፣ ደብቄው ነበር። «ነኝ» አልኩ።

ከኋላ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ጎረቤቴ ተነሥተው ቆመዋል።

«እሷን ብቻ ምን ያቆማታል?» አሉ። «ሠራተኛውን ያሰለፍኩት እኔ ነኝ። በሩን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን ተባብራችሁ ሥሩ ብለው አዘውናል፤ በትእዛዙ መሠረት ተባብረን ሠርተናል።»

ሥራ አስኪያጁ ጫማውን ይመለከት ነበር። ካድሬው ወደ ሠራተኛው ዞረ።

«እነዚህን ሁለት ሰዎች የሚሄስ እጁን ያውጣ።»

እንደዚያ ያለ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ እጅ የሚያወጣ አይጠፋም። አንዳንዱ አምኖበት፣ አንዳንዱ ታዝዞ፣ አብዛኛው ፈርቶ። ያን ቀን አንድም እጅ አልተነሣም። ካድሬው ደግሞ ጠየቀ። ከሽመና ክፍል እስከ ፈትል ክፍል፣ ከጥበቃ እስከ ጽዳት፣ ሰው ሁሉ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በዝምታ ያየዋል። የኩታበሯ ሴት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራለች። በጭብጨባ ብዙ ጊዜ ሰው ሲወደስ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ ያከበረኝ ግን የለም።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ውሳኔው በኋላ በየቢሯችን ደረሰን። እኔ ከሕዝብ ግንኙነት ተነሥቼ የቀለም መጋዘን ሠራተኛ ሆንኩ። እሳቸው ጡረታቸው ሳይደርስ ጡረታ ወጡ። እስር ጠብቀን ስለነበር፣ ያን ቀን ሁለታችንም በእፎይታ ተያይተን ሳቅን። እሳቸው ዕቃቸውን በካርቶን አድርገው ሲወጡ የፈትል ክፍል ሴቶች ሥራ አቁመው እስከ በሩ ሸኟቸው። ፈታሿ ካርቶኑን ልታይ ጠጋ ስትል አንዷ «ዳቦ የለበትም፤ ቢኖርበትም የራሳቸው ነው» አለቻት።

ሁሉንም አላዳንንም። የኩታበሯ ሴት እናት ክረምቱን አላየችም። እዚያው አጥሩ ሥር ነው ያረፈችው፤ ቀብሯ ላይ የክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ ወጣ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። የወንድሟ ልጆች ግን ተረፉ። ግማሽ ዳቦ ሰውን አያጠግብም፤ እርዳታው እስኪደርስ ግን አቆይቷቸዋል። እኔ ለራሴ ይህን ነው የምይዘው። ሌላው ቢቀርብኝ ግድ የለኝም።

መጋዘኑ ውስጥ ዓመታት ሠራሁ። እጄ አንዳንዴ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ ቀይ ሆኖ ደሴ እገባ ነበር፤ ፒያሳ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች ሲያዩኝ እጄን ኪሴ ውስጥ አልከተትኩም። በደርግ መጨረሻ ዘመን ሥራ አስኪያጁ ተቀይሮ አዲስ መጣ። አስጠርቶኝ፣ ያለፈው አልፏል፣ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ተመለሽ፣ የሚጽፍልን ሰው አጥተናል አለኝ። አጭር የይቅርታ ደብዳቤ ብቻ ይበቃል አለ፤ ለማኅደሩ ያህል። እምቢ አልኩት። ለምን ሲለኝ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ካለ እዚያ ደጋን ተቀምጠው ያሉትን ሽማግሌ ይጠይቅ አልኩት።

በዚያው ሳምንት ደጋን ወረድኩ። ጎረቤቴን ጓሯቸው ውስጥ የፓፓያ ዛፍ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ከስተዋል፤ ሳላቸው ግን ያው ነው። ሥራ አስኪያጁ ያለኝንና የመለስኩለትን ነገርኳቸው።

«ሞኝ ነሽ» አሉኝ። «ወረቀቱን ፈርመሽ ወንበርሽን መያዝ ነበር።»

«እርስዎ ቢሆኑ ይፈርሙ ነበር?»

ባልዲውን አስቀምጠው ከዛፉ ላይ የበሰለውን መርጠው ቆረጡልኝ። ባለቤታቸው ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብለው ያዙኝ፤ በላን፤ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝናቡ አወጋን። ስነሣ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። አውቶቡሱ ዘገየ። ፀሐዩ ስለከበደ ይመለሱ ብዬ ብለምናቸው አልሰሙኝም፤ ኮፍያቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው፣ የኮምቦልቻውን መንገድ እየተመለከቱ አጠገቤ ቆሙ።